በቤታችን ያለው ስልክ በማን ልክ ይሰፋ?

 

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አያቶች «የልጅ ልጆቼ ስልኬን እየነካኩ ጠፋብኝ፤ ትናንት የነበረው ነገር ዛሬ የለም» ይሉኛል። ወላጆች ደግሞ «ለእናቴ ጥሩ ስልክ ገዛሁላት፤ ከመደወል በቀር አትጠቀምበትም። ልጄ ግን ከእጁ አይለቀውም። ምን ይሻላል?» ይላሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። መነሻቸው ግን አንድ ነው። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ሲጀመር የተስተካከለው ለማን ነው? ማንን አስቦ ነው?

እኔ በምኖርበት መልካ ጀብዱ አንድ ስልክ ለአንድ ሰው ብቻ ሆኖ የሚያድርበት ቤት ጥቂት ነው። ጠዋት እናት ይደውሉበታል፣ ከትምህርት ቤት መልስ ልጅ ቪዲዮ ያይበታል፣ ማታ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የተመለሰችው ትልቋ ልጅ ገንዘብ ትልክበታለች። ቋንቋውም ብዙ ነው። በአንዱ ቤት አያት «እማማ» ይባላሉ፣ በሚቀጥለው «አኮ»፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ደግሞ «አዬዮ»። ስልኩ ግን ለሁሉም የሚናገረው በአንድ አፍ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው።

ያልታዘዘው ስኳር

ሻይ ቤት ገብታችሁ «አንድ ሻይ» ስትሉ ስኳር ተጨምሮበት ይመጣል። ያለ ስኳር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ዝም ያለ ሁሉ ስኳሩን ይጠጣል። የቴክኖሎጂ ሰዎች «ዲፎልት» የሚሉት ያንን ስኳር ነው። አማርኛ በተጫነባቸው ስልኮች ላይ «ነባሪ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኛ ምንም ሳንል፣ ምንም ሳንነካ፣ ሌላ ሰው አስቀድሞ የመረጠልን ማለት ነው።

ለብዙ ሰው ስኳሩ ችግር የለውም። ስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ግን «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል የማያውቁ እናት ቢመጡስ? ጉዳቱ የሚያርፈው በእሳቸው ላይ ነው። የሚያውቀው ሰው ተናግሮ ያስለውጣል፤ የማያውቀው የተሰጠውን ይጠጣል።

ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ርዕሰ ጉዳዩ ከሞት በኋላ የአካል ክፍልን መለገስ ነው። ኦስትሪያና ጀርመን ጎረቤታሞች ናቸው፤ የሚናገሩትም አንድ ቋንቋ ነው። በኦስትሪያ «አልፈልግም» ብሎ ያላሳወቀ ሰው ሁሉ እንደፈቀደ ይቆጠራል። በጀርመን ግን «እፈልጋለሁ» ብሎ ራሱ መመዝገብ አለበት። በጥናቱ እንደተመለከተው ፈቃደኛ ተብለው የተቆጠሩት በኦስትሪያ 99.98 በመቶ፣ በጀርመን 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። የኦስትሪያ ሰው ከጀርመኑ ይልቅ ደግ ስለሆነ አይደለም። አብዛኛው ሰው ቅጹን ሳይነካ ስለሚተወው ነው። ሰው እንዲህ በነባሪው እንደሚሄድ ሲያጠኑ ከኖሩት መካከል አንዱ ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል።

በሞትና በሕይወት ጉዳይ ላይ እንኳ ሰው እንደተሰጠው ከተወው፣ በስልክ ሴቲንግ ላይ ምን እንደሚያደርግ ገምቱ።

ፋብሪካው ያሰበው ሰው ማን ነው?

ከታይዋን ገበያም ይሁን ከከዚራ ሱቅ አዲስ ስልክ ገዝታችሁ ስትከፍቱ፣ ስልኩ በልቡ አንድ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ያ ሰው ዓይኑ ያያል፣ እንግሊዝኛ ያነባል፣ ኢንተርኔቱ አያልቅበትም፣ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ ስልኩም የብቻው ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አለ ከተባለ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው፤ እሱም ቢሆን ዳታ ያልቅበታል።

ሰዓቱን ብቻ እንውሰድ። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከቁርስና ከእራት ጋር እንዲወስዱ ታዘዙ። የልጅ ልጃቸው እንዳይረሱ ብላ ስልካቸው ላይ አላርም ሞላችላቸው፤ 2:00 ብላ፣ ሁለት ጊዜ። ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አላርሙ ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጮህ ጀመረ። እሳቸውም ሌሊት እየተነሱ በባዶ ሆዳቸው ዋጡ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ ልጃቸው መብራት ሲበራ አይታ ባትጠይቃቸው ይቀጥሉ ነበር። «ሐኪሙ ቁርስ ላይ ነው ያለኝ፤ ስልኩ ግን ሌሊት ጠራኝ። ስልኩ ያውቃል ብዬ ነው» አሉ።

«ስልኩ ያውቃል ብዬ ነው» የሚለውን አስተውሉልኝ። ነባሪው አቅም የሚያገኘው ከዚህ ነው። ዕቃውን የማያውቅ ሰው፣ ዕቃው የሚያደርገው ሁሉ ታስቦበት የተደረገ ይመስለዋል። መፍትሔው ግን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። አላርሙ ጠዋት 8:00 እና ማታ 8:00 ላይ ተሞልቶ፣ ስሙ «የቁርስ መድኃኒት»፣ «የእራት መድኃኒት» ተብሎ በአማርኛ ተጻፈ። አሁን ቁጥሩን ማየት አያስፈልጋቸውም።

ለማይለውጠው ሰው አስተካክሉ

ብዙ ቤት ስልኩን የሚያስተካክለው ጎበዙ ልጅ ነው። የሚያስተካክለውም ለራሱ እንደሚመቸው ነው፤ ፊደሉ ትንሽ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ገጹ ላይ አርባ አፕ ተደርድሮ። «ሌላው ሰው ካልተመቸው ይለውጠው» ይላል። ፍርዱ ግን የተገለበጠ ነው። ጎበዙ ልጅ የማይመቸውን ነገር በሰላሳ ሴኮንድ ይለውጣል፤ አያቱ ግን በሰላሳ ቀንም አይለውጡትም። ስለዚህ ብዙ ሰው በሚጋራው ዕቃ ላይ ነባሪው መሰፋት ያለበት መለወጥ በማይችለው ሰው ልክ ነው። የሚችለው ሲፈልግ ይለውጣል፤ ሲጨርስ ይመልሳል።

የትልቁ ልጅ አቤቱታም መሰማት አለበት። «በአማርኛ ሲሆን እኔም ይጠፋብኛል፤ ፊደሉ ሲተልቅ ገጹ ይሞላል» ይላል። እውነት አለው። ለእሱ ያለው መፍትሔ ግን የሁሉንም ማበላሸት አይደለም፤ የራሱን ክፍል መስጠት ነው። ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ካለ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን አካውንት መክፈት ይቻላል። ዊንዶውስ ላይ «አድሚኒስትሬተር» የሚባለው አካውንት ፕሮግራም መጫንና ሌላውንም ሁሉ መለወጥ ይችላል፤ «ስታንዳርድ» የሚባለው ግን ለመጫን የባለቤቱን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አድሚኒስትሬተሩ የአባት ወይም የእናት ይሁን፤ የቀሩት ሁሉ በስታንዳርድ ይሥሩ። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮችም ለእንግዳ ወይም ለሌላ ተጠቃሚ የሚሆን የተለየ ገጽ አላቸው።

ሁለት ዓይነት አለማወቅ

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች የሚያምታቱት ነገር አለ። «የማያውቅ ሰው» ሲባል ሕፃንንና አያትን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣሉ። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ልጁ ቁልፉን ያውቃል፣ ዓለሙን አያውቅም። አያት ዓለሙን ያውቃሉ፣ ቁልፉን አያውቁም። ስለዚህ ለልጁ በሩን ጠበብ ማድረግ ነው፤ ለአያት ደግሞ በሩን ሰፋ አድርጎ ደረጃውን ዝቅ ማድረግ ነው።

ይህን ያልለየ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ልጃቸው ከጅቡቲ ገንዘብ የሚልክላቸው አንዲት አዛውንት ነበሩ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቦርሳም ሆኗል፤ እሳቸውም ከሱቅ ስኳርና ሳሙና በስልካቸው መክፈል ለምደው ነበር። አንድ ቀን አጭበርባሪ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር ጠየቃቸው፤ አልነገሩትም፤ ዘጉበት። ቤተሰቡ ግን ደነገጠ። «ለደኅንነትዎ ነው» ተብሎ ገንዘቡ ወደ ልጃቸው ስልክ ተዛወረ፣ ከእሳቸው ስልክ ላይም ከመደወያው በቀር ሁሉ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የገዛ ገንዘባቸውን ለሳሙና መለመን ሆነባቸው። «ልጆቼ፣ ስልኩ የኔ ነው ወይስ የናንተ? በሬን ከውጭ ቆልፋችሁብኝ እኮ» አሉ።

እኔ የምፈርደው ለአዛውንቷ ነው። አጭበርባሪውን ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፤ የተቀጡትም እሳቸው። ደኅንነቱ የሚጠበቅበት ሌላ መንገድ ነበር። የሚበዛው ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ፤ ስልኩ ላይ የሳምንት አስቤዛ ብቻ ይኑር። የሚስጥር ቁጥሩ የትውልድ ዓመት አይሁን። የልጅ ልጅም ቢሆን፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» የሚልም ቢሆን፣ በመልእክት የመጣን ቁጥር ለማንም አይናገሩ። ይህን ካሟላን ቦርሳው በባለቤቱ እጅ ይቆይ። አንድ ቀን አንድ ስህተት ቢፈጠር የሚጎድለው የሳምንት አስቤዛ ነው። በልጆች ፊት የሚጠፋ ክብር ግን በምንም አይተካም።

ለእያንዳንዱ የሚሆን

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሁላችሁም ባላችሁበት አድርጉት። ባለቤቱ ሳይኖር ስልኩን አትንኩ።

ለሁሉም የሚሆነው ይኸው፦ ቋንቋውን ስልኩን ከሁሉም ያነሰ በሚያውቀው ሰው ቋንቋ አድርጉት። አማርኛ በብዙ ስልኮች ላይ አለ፤ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ግን በሁሉም ላይ አይገኙም። ስልኩ ላይ ባይኖር እንኳ የአንዳንድ አፕ ቋንቋ ለብቻው ይለወጣል፤ ቴሌብርን ለምሳሌ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ መጠቀም ይቻላል። ቀጥሎ ዳታ ነው። ዋትሳፕ እንደመጣ ከተተወ የተላከለትን ፎቶ ሁሉ በሞባይል ዳታም በራሱ ያወርዳል፤ ይህን ዝጉት። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ማንም ሰው ግሩፕ ውስጥ ሊጨምራችሁ ይችላል፤ «የማውቃቸው ብቻ» በሚለው ቀይሩት። አጭበርባሪዎች ብዙ ጊዜ የሚገቡት በዚያ በር ነው።

ለአያቶች፦ ፊደሉን አተልቁ፤ «ዲስፕሌይ» በሚለው ውስጥ ነው። ሳምሰንግ የያዙ «ኢዚ ሞድ» የሚባለውን ቢያበሩ ምልክቶቹም ይተልቃሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከስድስት ምልክት በላይ አይኑር፤ የልጆች ፎቶ ያለበት የስልክ ቁጥር በቀጥታ እዚያው ይቀመጥ። የስክሪኑን መጥፊያ ጊዜ አርዝሙት፤ በ15 ሴኮንድ የሚጠፋ ስልክ መነጽር እስኪወጣ አይጠብቅም። ከሁሉም በላይ፣ ምልክቶቹ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ አታንቀሳቅሷቸው። አያቶች ስልኩን የሚያውቁት በቦታ ነው፤ እንደ ወጥ ቤታቸው። በጨለማ እጃቸውን ዘርግተው ጨው የሚያነሱትን ሴት ዕቃቸውን «አሳምሬ ደረደርኩልዎት» ብትሏቸው ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ።

ለልጆች፦ ትልቁ ነገር ዕድሜ ነው። ልጁ የራሱ አካውንት ከተከፈተለት ትክክለኛው የትውልድ ዘመን ይሞላ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን ገጽ ሲከፈት ጀምሮ ለማያውቁት ሰው ዝግ አድርጎታል። ዩቲዩብም በዚያው ዓመት ከ13 እስከ 17 ዓመት ላሉት ቪዲዮ በራሱ እየተከታተለ መሄዱን እንደመጣ ዘግቶታል። ይህ ጥበቃ ግን የሚሠራው ማሽኑ ልጅ መሆኑን ሲያውቅ ነው። «እንዲከፍትልን» ተብሎ ዕድሜው ሃያ አምስት ተብሎ የተሞላለት የ11 ዓመት ልጅ፣ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ የሚሰጠውን ሁሉ ይሰጠዋል። በአባቱ አካውንት የሚያይም እንደዚያው። ጉግል ያዘጋጀው «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባል አፕ የልጁን አካውንት ከወላጁ ጋር ያያይዛል፤ ስንት ሰዓት እንደሚያይና ምን እንደሚጭን እናንተ ትወስናላችሁ። ልጁ ሲያድግ ደግሞ እየከፈታችሁ ሂዱ። በ9 ዓመቱ የተዘጋ በር በ16 ዓመቱም ከተዘጋ ልጁ በመስኮት ይወጣል።

በሺፍት ለሚሠሩ፦ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ቀን የምትተኛ ልጅ ስልኳን ስትዘጋ እናት ይጨነቃሉ፤ ስትከፍት ደግሞ እንቅልፍ የለም። «አትረብሹ» የሚለውን ስታበራ የእናቷንና የልጇን ትምህርት ቤት ቁጥር ኮከብ አድርጋ ለይታ ማስቀመጥ ትችላለች፤ የእነሱ ይጮኻል፣ የሌላው ዝም ይላል። አንድ ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከደወለም እንዲጮኽ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ጉዳዩ ከባድ ነው ማለት ነው።

የማን ጂሜል ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በዚህ ነው። ስልክ ሲገዛ ሞባይል ቤት ያለው ልጅ «ልክፈትልዎት» ብሎ ጂሜል ይከፍታል። የይለፍ ቃሉን እሱ ያውቀዋል፤ እናንተ አታውቁትም። ከዓመት በኋላ ስልኩ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ሲጀመር ያንን ጂሜልና ይለፍ ቃል ይጠይቃል። ይህ የተሠራው ሌባ የሰረቀውን ስልክ እንዳይጠቀምበት ነው። ይለፍ ቃሉን ለማያውቅ ባለቤት ግን ሌባውና እሱ አንድ ይሆናሉ። የልጆቹ ፎቶም፣ የስልክ ቁጥሮቹም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ጂሜሉን ቤት ውስጥ፣ በራሳችሁ ስም ክፈቱ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው፣ ይህ ሥራ ስልኩ በተገዛበት ቀን ነው የሚሠራው። ኢሜሉንና ይለፍ ቃሉን ደብተር ላይ ጻፉና ከቤት ካርታና ከልደት ካርድ ጋር አስቀምጡት። የገንዘብ ሚስጥር ቁጥሩን ግን እዚያ አትጻፉ።

በዚያው ደብተር የሚቀጥለው ገጽ ላይ ደግሞ የለወጣችሁትን ሁሉ መዝግቡ፦ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደሆነ፣ ለማን ተብሎ እንደተለወጠ። ሦስተኛው ዋናው ነው። «ለማን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሌለው ለውጥ፣ ሌላውን የሚያስቸግር ለውጥ ነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለዒድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ገጹን አውጥታችሁ እዩት። የልጁ ዕድሜ ጨምሯል፣ የአያት ዓይን ደክሟል፤ ነባሪውም አብሮ መለወጥ አለበት።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኔትወርኩን በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ የከፈተው በእኛው ድሬዳዋ ነበር። ኔትወርኩ ቀድሞ ይደርሰናል። ቤታችን ውስጥ ግን ለሁሉም እኩል የሚደርሰው እኛ ስናደርሰው ነው። እስቲ በዚህ ሳምንት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። በቤታችሁ ያለውን ስልክ መለወጥ የማይችለው ሰው ማን ነው? አጠገቡ ተቀመጡና «ምኑ ያስቸግርዎታል?» በሉ። መልሱን እስኪጨርሱ ድረስ ስልኩን ከእጃቸው አትቀበሏቸው።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።